«ታገሡ» አትበሉን

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ተናድጄ ነው። የተናደድኩት ደግሞ መጀመሪያ በራሴ ነው፤ በማርች 8 በዓላችን ላይ ከሁላችሁም ጋር አጨብጭቤያለሁና።

የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የጋበዝናት ተናጋሪ መልካም ሰው ናት፤ ቅዳሜዋን ሠውታ ስለመጣች ዛሬም አመሰግናታለሁ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ፈረንጅ ሴት ፎቶ አሳየችን። ዶሮቲያ ቤይት ትባላለች። በ1898 የ19 ዓመት ልጅ ሳለች ለንደን ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄዳ ሥራ ስጡኝ አለች። ዲግሪ የላትም። ሥራ ሰጧት። ዕድሜዋን ሙሉ የአይጥና የጉማሬ አጥንት ስትቆፍር፣ ስትለቅም፣ ስትመረምር ኖረች። በመጨረሻም የአንድ ሙዚየም ኃላፊ ሆነች። ተናጋሪዋ ንግግሯን ስትጨርስ «እናንተም ታገሡ፣ በርትታችሁ ሥሩ፣ አንድ ቀን ትታያላችሁ» አለች። እኛም አጨበጨብን። እኔማ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ዶራ ባለው ቤታችን አንዲት እህታችን መጣች። ስሟን አልጽፍም። ከምትሠራበት ቤት የወጣችው የለበሰችውን ልብስ ብቻ ይዛ ነው። «ደሞዜን አልሰጡኝም» አለች። ስንት ወር? «ብዙ ነው፤ አሥራ አራት ሳይሆን አይቀርም።» በማግስቱ የማኅበራችን ጉዳይ አስፈጻሚ መጥታ ጠየቀቻት። መቼ ነው ሥራ የጀመርሽው? «ከፋሲካ በኋላ።» የትኛው ፋሲካ? ዝም አለች። ስንት ተቀብለሻል? «አንዳንዴ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴ ለእናትሽ ልኬያለሁ ትለኛለች።» የተላከበት ወረቀት አለ? «የለም።» ስትጠይቂያት ያየ ሰው አለ? «እግዚአብሔር።»

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ያለችው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ታግሼ ነበር'ኮ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው ያጨበጨብኩበት እጄ የከበደኝ። ስለዚያች ፈረንጅ ሴት በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ አንዱን ገጽ አውቶቡስ ላይ፣ ሌላውን ልብስ እስኪታጠብ እየጠበቅኩ፣ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ያነበብኩት ግን ከመድረኩ ከሰማነው ጋር አልገጥም አለኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር፤ ዶሮቲያ ቤይት የድሃ ልጅ አልነበረችም። በ1878 ዌልስ ውስጥ ካርማርተን በምትባል ከተማ ተወለደች፤ አባቷ የፖሊስ ሹም ነበር። ፓስፖርቷን የሚቀማት አልነበረም። እሷን ከእኛ ጋር እኩል ማድረግ አልፈልግም። ሥራዋን ግን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ሥራዋ መልቀም ነው።

ሙዚየሙ መጀመሪያ የሰጣት ሥራ የወፍ ቆዳ መለየት ነበር። ቀጥሎ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ አጥንት እያላቀቀች ማጽዳት ጀመረች። በ1901 የመጀመሪያ ጽሑፏን አሳተመች፤ እሱም ዋይ በሚባል የብሪታንያ ወንዝ ሸለቆ ዋሻ ውስጥ ስለተገኙ የትንንሽ እንስሳት አጥንቶች ነበር። «አይጥ ምን ይረባል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ማዳም ቤት አይጥ ከታየ ጩኸቱ በእኛ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንወዳትም። አይጥ ግን ትመሰክራለች። ዝሆን አገር ለአገር ይዞራል፤ አይጥ ከተወለደችበት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ሣር የምትወድ አይጥ አጥንቷ በአንድ ዋሻ በብዛት ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ያ አካባቢ ሣር ነበር ማለት ነው። ዛፍ የምትወድ ከሆነች ደን ነበር። ዋሻው ውስጥ የሚያከማቻት ብዙውን ጊዜ ጉጉት ነው፤ አይጧን ይውጥና አጥንትና ፀጉሯን መልሶ ይተፋል። ከሁሉ ይልቅ ሳይበሰብስ የሚቆየው ጥርስ ነው፤ ያ ጥርስ ደግሞ የሩዝ ፍሬ አያክልም። ምስር ለቅማ የምታውቅ ሴት ይህን ሥራ ታውቀዋለች። ወገብ ያማል፣ ዓይን ይደክማል፣ ያየሽ ሰው ግን «ተቀምጣለች» ይላል።

በ1901 ቆጵሮስ ሄደች፤ ከቤይሩት የተነሳ አውሮፕላን ገና ከፍ ሳይል መውረድ የሚጀምርባት ደሴት ናት። አንድ ዓመት ተኩል ቆየች። በእግርና በበቅሎ ከዋሻ ዋሻ ዞረች። ከዛሬው ጉማሬ በጣም ያነሰ የድንክ ጉማሬ አጥንት አገኘች። በ1902 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር በሰጣት ገንዘብ ፍለጋዋን ቀጥላ የድንክ ዝሆን አጥንት አገኘች። ዝሆኑና ጉማሬው ዓለም የሚያደንቅላት ግኝቶች ናቸው፤ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ቆጵሮስ በሕይወት ያለች፣ ጀርባዋ ላይ እሾህ የመሰለ ፀጉር ያላት አይጥ አገኘችና በ1903 ለሳይንስ አስተዋወቀቻት። በ1906 የእሷን ዘመድ ከቀርጤስ ደሴት አስተዋወቀች።

ከዚያ ወደ ስፔን ደሴቶች አቀናች። በ1909 ከማዮርካ ማዮትራገስ የተባለ የጠፋ ፍየል መሰል እንስሳ ለዓለም አስታወቀች። ቆንስላ የሚለው ቃል ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እሷም እዚያ ደሴት ላይ የአገሯ ምክትል ቆንስል ያልፈለገችውን መቀራረብ ሞክሮባታል። እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። በ1918 ከእነዚያው ደሴቶች ሂፕኖሚስ የተባለውን አስተዋወቀች፤ ከብዙ ዘመዶቹ የገዘፈ፣ ዛሬ የጠፋ አይጥ መሰል እንስሳ ነው። በ1944 ደግሞ በዚያው በሜድትራኒያን ባሕር ስለጠፉ፣ አፍንጫቸው ሹል ስለሆነ፣ ነፍሳት ስለሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ጻፈች። እንግዲህ ደሴት ላይ የሚሆነው ነገር ይህ ነው፦ ምግብ ሲጠብና የሚያድን አውሬ ሲጠፋ ዝሆኑ በብዙ ትውልድ እያነሰ ይሄዳል፣ አይጡ ደግሞ እያደገ ይሄዳል። ለዚህ ማስረጃ ከሰበሰቡት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሰማንያ ገደማ ጽሑፍ አሳትማለች።

በ1930ዎቹ ወደ እኛው ሰፈር መጣች። ቤተልሔም ላይ ቆፈረች። ዶሮቲ ጋሮድ የተባለች አርኪዮሎጂስት ሐይፋ አጠገብ ባለው በቀርሜሎስ ተራራ ዋሻዎች ያስቆፈረችውን የእንስሳት አጥንት ሁሉ የመረመረችው ቤይት ናት። ሥራቸው በ1937 በመጽሐፍ ወጣ። ቤይት እዚያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? ቆጠረች። በየአፈሩ ንብርብር ስንት የአጋዘን አጥንት፣ ስንት የሚዳቋ አጥንት እንዳለ ቆጠረች። አጋዘን ጫካና ውሃ ይወዳል፤ ሚዳቋ ደረቅ ሜዳ ይስማማዋል። አንዱ ሲበዛ ሌላው ሲያንስ አይታ፣ አገሩ መቼ ዝናባማ መቼ ደረቅ እንደነበረ ለመናገር ሞከረች። ከእሷ በኋላ የመጡ ሊቃውንት «አዳኞቹ ሰዎች መርጠው አድነው ቢሆንስ?» ብለው ተከራክረዋታል። ይከራከሩ። ሊከራከሯት የቻሉት ቆጥራ ስለጻፈች ነው።

በ1942 ደግሞ ከዚህ ከፍልስጤም ምድር ከተገኙ የአይጥ ቅሪቶች መካከል አንድ የሣር አይጥ ለይታ አስተዋወቀች። ዛሬ ወገኖቹ የሚኖሩት አፍሪካ ነው፤ የአገራችን ገበሬ ገብስና ጤፍ ማሳው ላይ የሚረግመው የሣር አይጥ ዘመዱ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከእኛ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ ያለ ኢቃማ እዚህ የኖረ አፍሪካዊ አገኘሁ አልኩ።

አሁን ወደ ደሞዙ እንምጣ። ከመድረክ ያልተነገረን ይህ ነው።

ይህች ሴት አብዛኛውን የሥራ ዘመኗን በሙዚየሙ የኖረችው ቋሚ ደሞዝተኛ ሆና አይደለም። የሚከፈላት በፍሬ ነበር፤ ባጸዳችውና ባዘጋጀችው አጥንት ቁጥር ልክ። ስንት ሠራሽ? ይህን ያህል። እንግዲያው ይህን ያህል ውሰጂ። በዚያው ጊዜ ከየአገሩ ያሉ ሊቃውንት አጥንት ልከው «ይህ ምንድነው?» እያሉ ይጠይቋታል። የምታውቀውን ሁሉም ያውቃል፤ የሥራ ቦታዋን የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን አልነበራትም። የኃላፊነት ሹመት ያገኘችው በ1948 ነው፤ ትሪንግ በምትባል ከተማ ያለውን የሙዚየሙን ቅርንጫፍ እንድትመራ ተሾመች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ነበር የቀራት። በጃንዋሪ 1951 ሞተች። ገና የምትጽፋቸውን ሥራዎች ዝርዝር ትታ ነው የሄደችው።

ቁጥሩን እናንተው አስሉት። በ19 ዓመቷ ገባች፣ በ69 ተሾመች። የሃምሳ ዓመት ትዕግሥት ያስገኘላት ወንበር ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ቆየ። ይህን ነው «ታገሡ፣ ትታያላችሁ» ብለው ያስተማሩን። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው የመጣሁት። በዚህ ሒሳብ የምታየው በሰባ ሦስት ዓመቴ ነው ማለት ነው። ወገቤ እስከዚያ የሚቆይ ይመስላችኋል?

«ሥራዋን ስለወደደችው ነው የቆየችው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አምናለሁ፣ ወዳዋለች። ሰው ሳይወድ የባሕር ዳር ዋሻ ለዋሻ አይንከራተትም። ግን ፍቅርና ክፍያ ሁለት ነገር ናቸው። እኔም የማሳድገውን ልጅ እወደዋለሁ፤ ሲያተኩሰው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ማዳም ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅም ነው ደሞዜ ሲዘገይ «አንቺ'ኮ እንደ ቤተሰብ ነሽ» የምትለኝ። ፍቅራችንን አይተው ከሒሳባችን ላይ ይቀንሱታል። ይህን ትዕግሥት ብሎ የሚያመሰግን ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን ለማዳም ጠበቃ ቆሟል።

ግን ቤይትም የመጨረሻዋ አይደለችም። ከእሷ በታች ሌላ ሴት አለች፤ እሷን ሳገኝ ነው በእውነት የተቃጠልኩት።

የቀርሜሎስን ዋሻዎች ማን ቆፈራቸው? ጋሮድ ከ1929 እስከ 1934 ስታስቆፍር ከሠራተኞቿ ብዙዎቹ ጀባዕና ኢጅዚም ከሚባሉ የአካባቢው መንደሮች የመጡ ፍልስጤማውያን ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ዩስራ ትባላለች። ዓይኗ የተለየ ስለነበር ብዙ ነገር ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች። በ1932 ታቡን በሚባለው ዋሻ አፈር ውስጥ አንድ ጥርስ አየች። ጥርሱን ተከትለው ሲሄዱ የተሰባበረ የራስ ቅል ተገኘ፤ ዛሬ በመላው ዓለም በሳይንስ መጻሕፍት የሚጠቀስ የጥንት ሴት ራስ ቅል ነው። ዩስራ አንድ ቀን ካምብሪጅ ሄጄ እማራለሁ ብላ ትመኝ እንደነበር ተጽፏል። አልሄደችም። በ1948 ጀባዕም ኢጅዚምም ነዋሪዎቻቸው ተፈናቀሉ። የዚያኑ ዓመት ነው ቤይት ትሪንግ ላይ የተሾመችው። ጋሮድ ደግሞ በ1939 የካምብሪጅ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆና ነበር።

አሁን ደረጃውን ተመልከቱ። የላይኛዋ ፕሮፌሰር ሆነች። የመካከለኛዋ በፍሬ ተከፍሏት ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል ወንበር አገኘች። የታችኛዋ የአባቷ ስም እንኳ አልቀረም፤ ዩስራ ብቻ።

እህቶቼ፣ እኛ ማን ነን? ስልኬን ከፍቼ የእናንተን ስም አየሁ፦ «ሰላም 3»፣ «ሕይወት አሽራፊዬ»፣ «ዘይነባ የባሏ አገር»። ማዳሞቹ የሚያውቁት የመጀመሪያ ስማችንን ነው፤ እሱንም ለአፋቸው ከከበዳቸው ይቀይሩታል፤ እኔ ሁለት ዓመት «ሱዚ» ነበርኩ። ይህ የእነሱ ጥፋት ነው። ግን የማኅበራችን መዝገብስ? ባለፈው ወር አስፈቅጄ አየሁት። ብዙዎቻችን እዚያም የመጀመሪያ ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነን። የዚህ መጽሔት ፎቶዎችስ? ከሥራቸው «ከእህቶቻችን አንዷ» ይላል። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና፣ ዩስራን ዩስራ ብቻ ያደረጓት መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። የሚወዷት ሰዎች ነበሩ። የአባቷን ስም መጻፍ ግን ትዝ አላላቸውም።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ኢትዮጵያውያን ጠንካሮች ነን፣ ሁሉን እንችላለን» ትላላችሁ። ስለዚያች እሾሃማ አይጥ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የቤይት አይጥ አፍሪካዊ ዘመዶች አሏት፤ በ2012 ሳይንቲስቶች ስለ እነሱ ያሳተሙት ጥናት ዓለምን አስገርሟል። ይህች አይጥ አውሬ ሲይዛት ቆዳዋ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ቆዳዋን አውሬው አፍ ውስጥ ትታ ታመልጣለች። ከዚያ ቁስሉ ይድናል፣ ቆዳው እንደገና ያድጋል፣ ፀጉሩ ሳይቀር ይበቅላል፤ ጠባሳ አይቀርም ማለት ይቻላል። «ታገሡ» የሚሉን ሰዎች እኛን እንደዚህች አይጥ ያዩናል። ቆዳችንን ተገፈን እንድናመልጥና እንደገና እንድናበቅል ይጠብቃሉ። ሰው ግን እንዲህ አልተፈጠረም። የኛ ጠባሳ ይቀራል። የብረት ምጣድ ያቃጠላት ክንዷን ታሳያችሁ። አሥራ አራት ወር ያለ ደሞዝ የሠራችው ልጆቿ ትምህርት ያቋረጡበትን ዓመት ትንገራችሁ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን እንማር? ከቤይት መማር ያለብን አለ፤ ግን ትዕግሥቷን አይደለም።

በሙዚየም ሥራ አንድ ሕግ አለ። አጥንት ሲገኝ መለያ ወረቀት ይጻፍለታል፦ የት ቦታ፣ በየትኛው ንብርብር፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ ተገኘ። መለያ የሌለው አጥንት ምንም ያህል ቢያምር አይመሰክርም። ጠረጴዛ ማስጌጫ ይሆናል እንጂ ማንም «እዚህ አገር ይህ ሆኗል» ብሎ አይከራከርበትም። ቤይት ከሞተች በኋላ የግል ወረቀቶቿ በቤት ቃጠሎ ወድመዋል። ብዙ ዘመን ተረስታ ነበር። እንደገና ልትታወቅ የቻለችው ሙዚየም ውስጥ የቀሩት ጽሑፎቿ፣ ደብዳቤዎቿና በስሟ የወጡት ሥራዎቿ ስላሉ ነው። ስለ ትዕግሥቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቃትም ነበር።

የእኛ ወርም እንደ አጥንት ነው። ቀን ያልተጻፈበት ወር፣ ሰላሳ ቀን ሙሉ ተንበርክከሽ ወለል ብትፈትጊበትም፣ ነገ ሲጠየቅ አይናገርም። ያቺ እህታችን አሥራ አራት ወር ሠርታለች፤ እኔ አምናታለሁ፣ እናንተም ታምኗታላችሁ። በእጃችን ያለው ግን መለያ የሌለው አጥንት ነው። ጉዳይ አስፈጻሚያችን ደጋግማ ደውላ፣ ለምና፣ አስፈራርታ ያስገኘችላት የሁለት ወር ደሞዝ ነው። ማዳሟ «ሁሉን ሰጥቻታለሁ» አለች። ማን ያስተባብላት?

«ሕግ በሌለበት አገር ደብተር ምን ያደርጋል?» የሚለውን አውቃለሁ፤ ዶራ ቤታችን ውስጥም እንዲሁ ተከራክረናል። እውነት ነው፣ የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ሕይወታችንን ከአሠሪያችን ጋር አስሮታል። ደብተር ይህን አያፈርስም። ይህን ለማፍረስ ማኅበር፣ ሰልፍ፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ ያስፈልጋል። ግን ጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄው ምንድነው? መቼ፣ ስንት፣ ማን ፊት። ጋዜጠኛውስ? ያው ነው። ሰልፍ ወጥተን «ደሞዛችን ይከፈል» ስንል «ስንት?» ቢሉን መልሱ «ብዙ» ሊሆን ነው? የማይታወቅ ዕዳ ማን ይከፍላል?

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ቤት ስሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ጎረቤት አስተምራኝ በየቀኑ እጽፍ ነበር። በስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ በስንት ተኛሁ፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ተሰጠኝ፣ በዚህ ቀን ለማዳም እህት ቤት እንዳጸዳ ተላክሁ። ስወጣ የዘጠኝ ወር ቀሪ ነበረኝ። ሙሉውን አገኘሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አራት ወር ተኩል ከፈሉኝ። ግን የከፈሉኝ አዝነውልኝ አይደለም። ሚስተሩ ደብተሩን አገላብጦ አየና ለሚስቱ «ይህች ሁሉን ጽፋዋለች» አላት። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ በትዕግሥት ዘመኔ አንድም ቀን አላየሁትም።

«ማዳም ደብተሩን ብታገኘውስ?» ትክክለኛ ፍርሃት ነው። በአማርኛ ጻፉት፣ በኦሮምኛ ጻፉት፣ በትግርኛ ጻፉት፤ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ጻፉት። የገጹን ፎቶ አንስታችሁ በየሳምንቱ ለእህት ወይም ለጓደኛ ላኩና ከስልካችሁ አጥፉት። ስልክ የሚከለከልበት ቤት ያላችሁ፣ የዳይፐር ካርቶን ጀርባ ላይም ቢሆን ጻፉ። መጻፍ የማትችይ እህቴ፣ ቀን በቀን አንድ ጭረት ጫሪ፤ ደሞዝ በተቀበልሽ ቀን ክብ አድርጊበት። ከዚያ ወደ እኛ ስትመጪ አብረን እናነበዋለን። መቁጠር ከመጻፍ ይቀድማል። ቤይትም ያደረገችው ይህን ነው፤ አንድ አጋዘን፣ አንድ ሚዳቋ፣ አንድ ጥርስ።

ለማኅበራችንም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መዝገባችን ከእነአባታችን፣ ከእነአያታችን ስም ይሁን፤ የገባንበትና የሠራንበት ቀን ይጻፍበት፣ በቁልፍ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ አዲስ ለምትመጣ እህት ከሻይና ከዳቦው ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣት። ሦስተኛ፣ በዚህ መጽሔት ፎቶዋ የሚወጣ ሁሉ «ስምሽ ይጻፍ ወይ?» ተብላ ትጠየቅ። አይጻፍ ካለች አይጻፍ። ሳትጠየቅ ግን «ከእህቶቻችን አንዷ» አትባል።

ይህን ስታነቡ «የራስሽስ ስም የታለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ኢቃማዬ ገና በእጄ አይደለም፤ ስሜ እዚህ ቢወጣ የሚደርስብኝን ታውቃላችሁ። ግን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከእነአባቴ ከእነአያቴ ስም ይህ ጽሑፍ የእኔ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ወረቀቴ የተስተካከለ ቀን አዘጋጆቹ ስሜን ሊያወጡት ቃል ገብተውልኛል። ቀኑን አጽፌያለሁ።

ለተናጋሪዋም አንድ ቃል። በሚቀጥለው ማርች 8 ተመልሰሽ ነይ፣ በደስታ እንቀበልሻለን። ያንን ፎቶ ደግመሽ አሳዪን፤ የአይጧንም፣ የዝሆኑንም። ግን ስትጨርሺ ስንት ይከፈላት እንደነበር ንገሪን። ከጎኗም ለዩስራ ቦታ ተዪላት።

ያቺ እህታችን አሁን ቡርጅ ሐሙድ በሰዓት ሥራ ጀምራለች። ትናንት ደብተሯን አሳየችኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ሞልታለች። በአንደኛው ቀን ላይ «አርባ አምስት ደቂቃ ጨመርኩ፣ አልተከፈለኝም» ብላ አስምራበታለች። እሑድ ከሰዓት ማኅበሩ ቢሮ እገኛለሁ። ደብተር ያልገዛችሁ ኑ፣ አሥር ደብተር ይዣለሁ።